«ቆንጆ ነው» በቃኝ

እባካችሁ አንድ ሰው «ይሄ ፎቶ አይረባም፣ ምክንያቱም...» ብሎ ይጀምርልኝ!

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰሞኑን ፓኒንግ የሚሉትን እየሞከርኩ ነው። የሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መጋረጃ) ፍጥነት ወደ 1/30 ሰከንድ አወርድና የሚያልፈውን ባጃጅ በካሜራው እከተለዋለሁ። ከተሳካ ባጃጁ ጥርት ይላል፤ ከኋላው ያለው ሱቅና አጥር ደግሞ በአግድም የተጎተተ ቀለም ይሆናል። እኔ ጋ ግን ሹፌሩ ጥርት ብሎ ከባጃጁ ወገብ በኋላ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። እጄ ነው? ፍጥነቱ ነው? ወይስ ባጃጁ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዘለለ ነው? (የኛን ሰፈር መንገድ ያየ ይፍረድ።)

ለእህቴ አሳየኋት። በደንብ እንኳ ሳታየው «ውይ ሲያምር!» አለች። ጓደኛዬ ልብ ላከልኝ። ልቡን ምን ላርገው? ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ «ታዲያ ቆሞ ሳለ አታነሳውም?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እስካሁን ከሰማሁት አስተያየት የሳቸው ይሻላል። ቢያንስ ፎቶውን አይተውታል።

የማታውማ አይነሳ። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አስሬ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 አድርጌ፣ የመኪኖቹ መብራት መስመር እንዲሠራ ሹተሩን ለ15 ሰከንድ ከፈትኩ። ገና ከመጀመሬ አንድ ዘበኛ ባትሪውን ሌንሱ ላይ አበራብኝ። «ማን ፈቅዶልህ ነው?» ፎቶው ግማሹ ነጭ ሆኖ ቀረ።

እልህ ይዞኝ እሱኑ ፎቶ ለጓደኛዬ ላኩለት። «ዋው! ይሄን ኤፌክት በምን አፕ ሠራኸው?»