ዛሬ ዶሮዬን ፎን አስደረግኳት። ሳቃችሁን ጨርሱና ላውራ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ከብርዱ ይሁን ከንዴቱ እንጃ። ጃኬቴ ገና አልደረቀም። ዶሮዋ ግን ደርቃለች። አዎ፣ ከኔ ቀድማ።

ጥጢትን ታውቋታላችሁ፤ ሲልኪ የሚባለው፣ ላባው ጸጉር የሚመስለው የዶሮ ዝርያ ናት። ፎቶዋን በለጠፍኩ ቁጥር «ውሻህ ስሙ ማነው?» የምትሉኝም እዚሁ አላችሁ፣ አልረሳኋችሁም።

ጠዋት ስወጣ የቤቷን በር በገዛ እጄ ቀርቅሬ ነው የወጣሁት። ስመለስ በሩ ወለል ብሏል፣ ጥጢት ከአሸንዳው ስር ተገትራለች። ዝናቡ ደግሞ የደሴ ዝናብ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ተከናንቦ ከላይ ሲያፈስብን ነው የዋለው። የአገር ዶሮ ብትሆን ተራግፋ ትሄዳለች። የሌላ ዶሮ ላባ በጥቃቅን መንጠቆ እርስ በርሱ ስለተቆላለፈ ውሃ ያንሸራትታል። የሲልኪ ላባ ያ መንጠቆ የለውም፣ ባዘቶ በሉት። ባዘቶ ውሃ ውስጥ ቢነከር ምን ይሆናል? እሱን ሆና አገኘኋት። ያቺ ኳስ የምታክል ኩሩ ዶሮ ጭብጥ አክላለች። ጥቁር ቆዳዋ በነጩ ስር ብቅ ብሎ፣ ሰማያዊ ጆሮዋ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ ትንዘፈዘፋለች። ወደ ቆጥ እንዳትወጣ መብረር አትችልም። ወደ በሩ እንዳትሄድ ጉትዬዋ ወርዶ ዓይኗን ጋርዶታል። ታዲያ በላስቲክ የማስርላት ለዚህ አይደለም? ለፋሽን መሰላችሁ?

በሩን ማን እንደከፈተው አውቃለሁ። ከአጥር ወዲያ ያሉት እትዬ ናቸው። ጥጢት የታቀፈችው የማንን እንቁላል ሆነና! የሳቸውን ነው፣ ዘጠኝ። ዛሬ 17ኛ ቀኑ ነው፤ ሊፈለፈል አራት ቀን ቀርቶታል። ትናንት «ሦስት ልጨምር» ሲሉኝ፣ እትዬ አይሆንም፣ የቀድሞዎቹ ሲፈለፈሉ እናቲቱ ተነሥታ ትሄዳለች፣ የኋለኞቹ ይበላሻሉ ብዬ አስረድቻለሁ። «እሺ ልጄ» ብለዋል። ዛሬ ጎጆው ውስጥ ብቆጥር አሥራ ሁለት! እንቁላሉን ሸጉጠው፣ በሩን ወለል አድርገው ትተውት ወጥተዋል።

መብራት የለም። እንዲህ ያለው ቀን ላይ መብራት ኖሮ ያውቃል? ባለፈው ጫጩቶች ሳሳድግም፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት እንደሚፈልጉ እያወቅኩ፣ አምፖሉ ጭልም አለና ሌሊቱን ሙሉ በሀይላንድ የፈላ ውሃ እየሞላሁ፣ በጨርቅ እየጠቀለልኩ ሳቅፋቸው ነው ያነጋሁት። ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛዬ ሲሰማ ይስቃል። ምን አለበት፣ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዶ ሙቀት ውስጥ ነው ያለው፤ የሱ ሲልኪዎች ፀሐይ ይሞቃሉ፣ የኔዎቹ ጋቢ ይለብሳሉ።

ብቻ ጋቢ ውስጥ ጠቅልያት ወጣሁ። ባጃጁ «ምንድን ነው የያዝከው?» አለ። ዶሮ። «ሽንትዋን ብትለቅ?» አለና ሄደ። በእግሬ ሸዋ በር ድረስ። ጀነሬተሩ ከሩቅ የሚጮህ የሴቶች ጸጉር ቤት አለ። ከበሩ ላይ ቆምኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ለማኝ።

ልጅቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «አቤት ወንድሜ?»

«ፎን ማስደረግ ፈልጌ ነበር።»

ቀና ብላ ጭንቅላቴን አየችው። ጭንቅላቴን ታውቁታላችሁ፤ ከ25 ዓመቴ ጀምሮ ሜዳ ነው። ቦሩ ሜዳ።

«ለማን?» አለች፣ በጣም በትሕትና።

ጋቢውን ገለጥኩ።

«ወላሂ! ቡችላ ነው?»

«ዶሮ ናት።»

«ዶሮ ከሆነች ላባዋስ?»

ይኼን ጊዜ ነው ከካስኩ ስር ያ ድምፅ የመጣው። ያንን ድምፅ በእንቅልፌም አልስተውም። «አጃኢብ! ይሄ እኮ የኛ ሰፈሩ ልጅ ነው!» እትዬ! እትዬ ናቸው፣ ነገ ሠርግ ስላለባቸው ጸጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው ካስክ ስር ተቀምጠዋል። የኔዋ አሸንዳ ስር ስትታጠብ እሳቸው ካስክ ስር!

«እናቱ ‹አግባ፣ አግባ› ብላ ብትለምነው ዶሮ አገባ» አሉ፣ ለቤቱ በሙሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ጸጉሯን በላስቲክ ያስርላታል እኮ! አምስት ጣት ነው ያላት፣ ቁጠሩ! ከላይ ነጭ፣ ሥጋዋ ጥቁር፣ አጥንቷ ጥቁር። ለቆሌ ይሁን ለምን እንደሚያሳድጋት እሱና ፈጣሪ ነው የሚያውቁት። ለወጥ እንዳትባል! በሎሚ ሲፈትጓት ቢውሉ አትነጣ፣ አሥራ ሁለቱም ብልት ከሰል!»

አንዷ ጣቷን መቁጠር ጀመረች። እኔም እግሯን ዘረጋሁላት! ለምን እንደዘረጋሁ አሁንም አልገባኝም። «እውነትም አምስት!» አለች፤ ተጨበጨበ።

እኔስ ምን መለስኩ? «ልክ ነዎት እትዬ» አልኩ። በቃ። ሌላው መልስ ዳገቱን ስወጣ ነው የመጣልኝ፤ በሩን ማን ከፈተው? በጥቅምት ስምንት ጫጩት ማን ፈለፈለልዎት፣ ያ የሚኮሩበት ቀይ አውራ ዶሮዎ? እሱ እንቁላል ይጥላል፣ ይረግጣል፣ ይሄዳል! ቻይና ይቺን ጥቁር ሥጋ ከጥንት ጀምሮ ለአራስና ለታማሚ ሾርባ ሲሠራባት፣ ማርኮ ፖሎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ድመት ጸጉር ያላቸው ጥቁር ዶሮዎች አሉ ብሎ ሲጽፍ እኛ ገና ለቆሌ ናት እያልን ነው! (ይኼን ሁሉ ካስክ ስር ላለች ሴት ብናገር ያምርብኝ ነበር? እንጃ።) አውራ ዶሮው ይጥላል ላልኩትም ይቅርታ፣ አውራ ዶሮ እንቁላል እንደማይጥል አውቃለሁ፣ ተናድጄ ነው።

እሳቸው ለነገሩ የቆዩ ጠላቴ ናቸው። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገባ የተባለ ጊዜ ክትባት ፍለጋ ስሄድ ሻጩ ያለኝን ልንገራችሁ። «ስንት ዶሮ አለህ?» «ሰባት።» «ሰባት መቶ?» «ሰባት።» ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አንዱ ብልቃጥ ለመቶዎች የሚበቃ ነው፣ ከተበጠበጠ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ለነገ አይባልም። ገዛሁት፣ ምን ላድርግ። የተረፈውን እንዳይደፋ ብዬ ክሎሪን የሌለበት ውሃ ይዤ ቤት ለቤት «ዶሮዎቻችሁን በነፃ ላጠጣላችሁ» እያልኩ ዞርኩ። በነፃ! እትዬ ከበሩ ላይ «ስንት ትከፍለናለህ?» አሉኝ። ስንት እከፍላለሁ!

ወደ ጸጉር ቤቱ ልመልሳችሁ። ልጅቷ ልበ ቀና ናት፣ ፎኑን ዝቅተኛው ላይ አድርጋ፣ ራቅ አድርጋ ይዛ ነፋችላት። ጥጢት ደግሞ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ አንገቷን ዘርግታ እንቅልፍ! ቀስ በቀስ እየተነፋች፣ እየነጣች፣ እየከበበች መጣች። እነዚያ ሲስቁ የነበሩት ሁሉ «ውይ ስታምር» ብለው ስልካቸውን አወጡ። እትዬ ሳይቀሩ! ምናልባት አሁን ቲክቶክ ላይ ናት። እኔም ከጀርባ ራሰ በራዬ።

«ሒሳብ ስንት ነው?» ስላት እትዬ ቀድመው «የረጅም ጸጉር አስከፍዪው!» አሉ። አስከፈለችኝ።

ቤት ስደርስ እንቁላሎቹ ቀዝቅዘዋል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ አላውቅም። በስልኬ ባትሪ አንድ በአንድ አየኋቸው፦ ሦስቱ አዲሶቹ ጠርተው ቢጫ ናቸው፣ አነሣኋቸው። ዘጠኙ ጥቁር ብለዋል፣ አናቱ ላይ አየሩ ብቻ ይታያል። ስድስተኛው ላይ ነካ ሳደርገው ከውስጥ አንድ ነገር ንቅንቅ ያለ መሰለኝ። አንዱ ብቻ። የሌሎቹን እንጃ፣ ጥጢት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ላያቸው ላይ ተደፍታ አጉረመረመችብኝ። ለኔ ነው የምታጉረመርመው! ፎን ላስደረግኳት!

ቆይ፣ በር እየተንኳኳ ነው።

እሳቸው ናቸው። ጸጉራቸው ተሠርቶ፣ እንደ ጥጢት ተነፍቶ። «ልጄ፣ ዶሮይቱ ደረቀች?» አሉ። ደረቀች እትዬ። «እንቁላሌስ?» ደህና ነው እትዬ። «እሰይ። በል ና፣ ቡና ተፈልቷል፣ ሴቶቹም እኛው ጋ ናቸው።»

ሴቶቹም! የፎኑ ወሬ አቦል ላይ ተነሥቶ ሦስተኛው ሲያልቅ እንኳ እንደማያልቅ አውቃለሁ። ከበረካው በኋላም ጣቷን ይቆጥራሉ።

ጃኬቴን ቀይሬ እየሄድኩ ነው። ቡናቸው ግን ቡና ነው።