ክብር ለሌሊት ጋጋሪዎች

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በአዳማ ሰፈሮች፣ በፍራንኮም በቦኩም፣ ውሾች ሳይቀሩ ዝም ብለዋል። በዚህ ሰዓት የትኩስ እንጀራ ሽታ ቢያውድዎ አይደንግጡ፤ ጎረቤት ሰርግም ተዝካርም የለበትም። ቁጠባ ላይ ነው።

እኛ ሰነፎቹ እንቅልፋችንን ስንለጥጥ፣ «የሌሊት መብራት ርካሽ ነው» ያሉት የአዳማ ጀግኖች እንጀራ ያሰፋሉ፣ ካውያ ያግላሉ፣ ቦይለር ይሰካሉ። ጀግንነቱ በተለይ የአባወራው ነው። አዋጁን እራት ላይ ያውጅና 3 ሰዓት ላይ ይተኛል፤ ምጣዱ አጠገብ የምታነጋው እማወራዋ ወይም ሠራተኛዋ ናት። ጠዋት «ስንት ቆጠብን?» ብሎ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀናው ግን እምነታቸው ነው። በአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ላይ የቀን ዋጋ፣ የሌሊት ዋጋ የሚባል መስመር የለም። ያለው ደረጃ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከ51 እስከ 100፣ ከ101 እስከ 200፣ እንዲህ እያለ ከ500 በላይ ይደርሳል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ኪሎዋት ይቆጥራል እንጂ ኮከብ አይቆጥርም፤ ፀሐይ ወጣች ገባች ግድ የለውም። ይህን እያዩ መጠራጠር ቀላል ነበር። እነሱ ግን ጸኑ፤ ቢሉ ላይ ያልተጻፈውን አነበቡ።

የእምነቱ ምንጭ ሁለት ነው። አንዱ ከለንደን የሚደወል ስልክ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ «ኢኮኖሚ ሰቨን» የሚባል ውል አለ፤ በሌሊት ለሰባት ሰዓት መብራት በቅናሽ ይሰጣል። እውነት ነው። እህታችን ካርዷ አልቆባት ሳትጨርስልን የቀረችው፣ ውሉ ቀንና ሌሊቱን ለየብቻ የሚመዘግብ ቆጣሪ እንደሚፈልግና የሌሊቱ ዋጋ ሲወርድ የቀኑ ከተራው ታሪፍ በላይ እንደሚወጣ ነው። ተራው ዋጋ 100 ቢሆን፣ ቀኑ 115፣ ሌሊቱ 60 እንበል። በቀኑ የሚከፈለው ጭማሪ 15፣ በቀንና በሌሊቱ መካከል ያለው ልዩነት 55፤ 15ን ለ55 ሲያካፍሉ 27 ከመቶ ይመጣል። ከጠቅላላው ፍጆታ 27 ከመቶ በላዩን ወደ ሌሊት ያላዞረ የለንደን ሰው በቅናሹ ይከስራል ማለት ነው። እነሱ እንኳ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ነው የሚገቡበት። እኛ ያለ ውሉም፣ ያለ ቆጣሪውም፣ ያለ ቅናሹም ገብተንበታል።

ሁለተኛው ምንጭ ከከተማው ወጣ ሲሉ የሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች ናቸው። አዳማ አንድ 34 ተርባይን፣ 51 ሜጋዋት፤ አዳማ ሁለት 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋዋት። «ነፋስ ሌሊት ይነፍሳል፣ ለነፋስ ደግሞ የሚከፍል የለም፣ ስለዚህ ሌሊት ርካሽ ነው» ይላል የሰፈሩ ሊቅ። የተርባይኖቹ ኃይል ከቆቃውም ከሌሎቹም ግድቦች ጋር በአንድ ብሔራዊ መረብ ተቀላቅሎ ነው ቤት የሚገባው። የትኛው የነፋስ፣ የትኛው የውሃ እንደሆነ ምጣዱ አያውቅም። ሊቁ ያውቃል።

ለተጠራጣሪ አንድ ፈተና አለ፤ አማኞቹ ባይሞክሩት ይሻላቸዋል። ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፎበታል፤ 1600 የሚል አለ፣ 1000ም 800ም አለ። ሌላውን ሁሉ ነቅለው ምጣዱን ብቻ ይሰኩ። ትንሿ ቀይ መብራት በአንድ ደቂቃ ስንቴ ብልጭ እንዳለች ይቁጠሩ፣ በ60 ያባዙ፣ ቆጣሪዎ ላይ ለተጻፈው ቁጥር፣ ለ1600 እንበል፣ ያካፍሉ። 93 ከቆጠሩ ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት እየሳበ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቢደግሙት 62 ብቻ ሊያገኙ ይችላሉ። እልል አይበሉ፤ ቅናሽ አይደለም። ሰፈሩ በሙሉ ስለሰካ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ወርዷል፣ የምጣድ ኃይል ደግሞ በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሚወድቅ ከ3.5ቱ 2.3 ያህል ቀርቷል። ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል፣ መጋገሩ ይረዝማል፣ ቆጣሪውም በዝግታ እየተራመደ እዚያው ይደርሳል።

እዚህ ላይ ሌሊት ጋጋሪዎቹን ሳናሽሟጥጥ እናመስግን። ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ካለው ግፊያ መሸሻቸው ትክክል ነው፤ ምጣዱ ቶሎ ይግልላቸዋል። ያው ጥቅም ግን ረፋድ 4 ሰዓት ላይም አለ፣ ያውም እንቅልፍ ተጠግቦ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቮልቴጁ ወደ 240 ከዘለለ ደግሞ ያው ምጣድ 4.2 ኪሎዋት ይስባል፣ ከ16 አምፔር ወደ 17 ተኩል ይጠጋል። በምጣዱ ውስጥ የሳሳ ሽቦ ካለ የሚበጠሰው ያኔ ነው። ሲበጠስ መላው ይታወቃል፤ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ማያያዝ። ሽቦው 10 ከመቶ ሲያጥር ጭነቱ 11 ከመቶ ይጨምራል፤ በሚቀጥለው ሌሊት ሶኬቱ ጠቁሮ ይቀልጣል፣ ጥፋቱም ለቻይና ይሰጣል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ምጣድ ለራሱ ብቻ የተዘረጋ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና 25 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል። ይህን ማስገጠም ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሌሊት መነሳት በነጻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። 30 እንጀራ፣ ምጣዱ እስኪግል ያለውን ጨምሮ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ምጣዱ ሳያቋርጥ ከሳበ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በቀን 6፣ በሌሊትም 6። እንቅልፍ እንዳይጥል ሦስት ባለ 60 ዋት አምፖልና ቴሌቪዥኑ ለአራት ሰዓት በርተው ያመሻሉ፤ እነሱ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራሉ። ቁጠባው ይኸው ነው፣ በ6 የሚያልቀውን በ7 መጨረስ። ሰላሳውን በአንድ ጊዜ መጋገር፣ ምጣዱን ሦስት ቀን ሦስቴ ከማጋል ወደ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያድናል። አክንባሎውን አጥብቆ መክደን፣ ምጣዱን ነቅሎ የመጨረሻዋን እንጀራ በቀረው ግለት ማውጣት፣ ይህ ሁሉ ተራ ሰው የሚያደርገው ነው። ምን ጀግንነት አለው?

ቦይለር ሰኪዎቹንም አንርሳ። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። እነሱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አፍልተው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይታጠባሉ። በመካከሉ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ቴርሞስታቱ ይነቃል፣ እንደገና ያሞቃል። በአዳማ ሙቀት፣ የጣሪያው ሮቶ ውሃ ከሰዓት በኋላ ለብ ብሎ በሚወርድበት ከተማ!

ከሁሉ የላቀ ምስጋና የሚገባው ግን ፍሪጁን ቀን ነቅሎ ሌሊት የሚሰካው ነው። ፍሪጅ ቀን የገባበትን ሙቀት ሌሊት ማስወጣቱ አይቀርም፤ ኮምፕረሰሩ ያለ እረፍት ሲያጓራ ያድራል። በመካከሉ ወተቱ ይረጋል። የእርጎ ወጪ ስለቀረ ይህም በቁጠባ ይመዘገባል።

አንዳንድ ግቢ ውስጥ ደግሞ አከራዩ ራሱ «ምጣድ በሌሊት ብቻ!» ብሎ በሩ ላይ ለጥፏል። በአንድ ቆጣሪ አራት አባወራ ይኖራል። እያንዳንዱ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ ለየብቻቸው ከ51 እስከ 100 ባለው ደረጃ ይቆዩ ነበር፤ ተደምረው 240 ሲሆኑ ከ201 እስከ 300 ያለው ውስጥ ይገባሉ። ቢሉን የሚያንረው ይኸው ድምር ነው፤ መፍትሔውም ለየቤቱ ቆጣሪ ማስገባት ነው። አከራዩ ግን ፀሐይን ከሰሰ፣ ሒሳቡንም በአምፖል ብዛት አካፈለ። አንድ አምፖልና አንድ ምጣድ ያለው፣ ሦስት አምፖል ካለው ሲሶውን ይከፍላል። እንዲህ ያለ ሒሳብ አዋቂ ባይኖር ተከራይ በምን ይጣላ ነበር?

የውሃ ፈረቃው በሌሊት የሚደርሰው ሰፈር ውስጥ ዳይናሞ ለማስነሳት የሚነቃው በዚህ ምስጋና ውስጥ የለበትም። እሱ የነቃው ውሃው ስለመጣ ነው፤ በምክንያት የሚነቃ ሰው ይቅርታ ያድርግልንና ጀግና አይባልም።

በመጨረሻም ትምህርቱ ተስፋፍቷል። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ 20 ቤቶች «ሌሊት ማንም የለም» ብለው 6 ሰዓት ላይ አንድ ላይ ሲሰኩ 70 ኪሎዋት ይሆናል፤ ሁሉም የሸሸው ግፊያ ሰዓቱን ቀይሮ ተከትሏቸዋል። ፊውዙ ይበጠሳል፣ መንደሩ ይጨልማል፣ ጠጋኝ እስኪደርስ ይረፍዳል፣ ሊጡም ይሆመጥጣል። አባወራው ለቁርስ እንጀራ ከጉልት ያስገዛል። ሻጯ የጋገረችው ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው።