ክሩን በክብሪት ፈትኑት

የድሮ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ልብስና ዕቃ መልሰው እየሠሩ፣ ለብሰውም ታሪክ ስለሚያሳዩ ሰዎች የጻፋችሁትን ሁለቴ አነበብኩት። እጃችሁ ይባረክ! እኔ ቡራዩ ልብስ ሰፊ ነኝ።

ጨርቁን ግን በአንድ መስመር አለፋችሁት። ለኔ ዋናው እሱ ነው። የዚያ ዘመን ኮት ወፍራም ሱፍ ነበር። ሱፍ ቶሎ አይቀጣጠልም፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ አይጣበቅም። ገበያ ላይ «ንጹህ ሱፍ» እየተባለ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ፖሊስተር አለበት። ከጠርዙ አንድ ክር መዛችሁ ክብሪት ጫሩበት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይጠጥራል። እሳት አጠገብ ቆሞ ለሚያሳይ ልጅ ይህን እንዳታለብሱት፣ አደራ!

ጽሑፋችሁ ላይ ያለው የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የናስ ቆብማ ሲያምር! ለንደን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከፓሪስ አይታ የወሰደችው ነው። በኋላ ኤሌክትሪክ በየቤቱ ሲገባ፣ ናስ ስለሚያስተላልፍ ተተወ። እኛ ሰፈር ደግሞ ሽቦው ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለበት ቦታ ብዙ ነው። ቆቡን አድርጋችሁ መሰላል ከመውጣታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ።

ጽሑፋችሁ ላይ ያለውን የውሃ መቅጃ የቆዳ ባልዲ ለጎረቤቴ ጫማ ሰፊ አሳየሁት። «በሰም የታሸ ክር ካለ እኔም እሠራዋለሁ» አለኝ።