ግቡን በጆሮዬ አየሁት

አጎቴ የ1954ቱን ፍጻሜ በቃሉ ይወጣዋል። ጥር 13፣ የአፍሪካ ዋንጫ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ከግብፅ ጋር 2 ለ 2 ሆነው ጭማሪ ሰዓት ሲገቡ ሆዱ እንዴት እንደታመሰ፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ሲያስቆጥር ባርኔጣው ወዴት እንደበረረ ይነግራችኋል። ጃንሆይ ዋንጫውን ለአምበላችን ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሲሰጡማ ከእሱ እስከዚህ በር ድረስ አይርቁም ነበር።

ችግሩ፣ በጡረታ ፋይሉ ላይ የተወለደው በ1956 ነው።

አንዴ ይህን ባነሳሁበት ጊዜ ተቆጣ። «ዕድሜዬን የቀነስኩት ለመሥሪያ ቤት ነው። ለኳስ አልቀነስኩም!»

የድሮው ስታዲየም እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። ደህና ኪስ ያለው ጥላ ፎቅ ይቀመጣል፣ ፀሐዩን በአናቱ የሚችል ካታንጋ። ሚስማር ተራም ነበር። አንዱን ክፍል ደግሞ «ከማን አንሼ» ይሉታል። ይህን ስም ያወጣው ሰው የእኛን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ለዓለም ዋንጫ ናይጄሪያን ስንገጥም መስመር አልፋለች ያልናት ኳስ ነበረች። ዳኛው አላጸደቃትም፤ መጨረሻ ላይ በገባብን ፍፁም ቅጣት ምት 2 ለ 1 ተሸነፍን። የታክሲ ታፔላ ለማንበብ ሰው የሚጠይቀው ጎረቤቴ በማዶ ተቀምጦ በስንት ሳንቲሜትር እንዳለፈች ለክቶ መጥቷል። ያኔ አሥር ነበረች። ዘንድሮ ግማሽ ሜትር ደርሳለች።

እኔ ግን የምኮራው ከዚያ አንድ ዓመት በፊት በነበረው ነው። ሱዳን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 አሸንፋናለች። እዚህ 2 ለ 0 ካሸነፍን ከሜዳችን ውጭ ባገባናቸው ጎሎች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ልንገባ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተሰለፍኩ። ከፊቴ አሥራ አንድ ሰዎችና ሰባት ድንጋዮች ነበሩ። ሲነጋ እያንዳንዱ ድንጋይ ስምንት ስምንት ወንድም ወለደ። እኔ በሩ ጋ ስደርስ በሩ ተዘጋ።

ስታዲየሙ አጠገብ ካለ ካፌ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ከሜዳው ትንሽ ይዘገያል። ድንገት ግድግዳው ማዶ ጩኸቱ ፈነዳ፣ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ፣ ሁላችንም ተቃቅፈን ዘለልን። ስክሪኑ ላይ አዳነ ግርማ ገና ኳሷን አልነካትም። አስተናጋጁ «ምን ሆናችሁ?» እያለ ማኪያቶውን እንደያዘ ቆሟል። ለሳላዲን ሰኢድ ጎል ግን ነቃ፤ ጩኸቱን እንደሰማ ትሪውን አስቀምጦ ዘለለ።

ስታዲየሙ ከዚያ በኋላ እድሳት ተጀምሮለታል። ባለፈው የእህቴ ልጅ ስለዚያ ጨዋታ ጠየቀኝ። ሁለቱንም ጎሎች ከነቅብብላቸው፣ ከነአቧራቸው ተረክሁለት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ።

«አጎቴ፣ የት ተቀምጠህ ነበር?»

«ከማን አንሼ» አልኩት።