«ቀንሷል» ብሎ መቀነስ

ኤች አይ ቪን፣ ቲቢንና ወባን ለመዋጋት ከለጋሾች ገንዘብ የሚያሰባስበው ግሎባል ፈንድ የጠየቀው 18 ቢሊዮን ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ጆሐንስበርግ ላይ ቃል የተገባለት 11.34 ቢሊዮን ነው። በ2022 ቃል ከተገባለት 15.7 ቢሊዮን እንኳ በብዙ ያንሳል። አሜሪካ ከ6 ቢሊዮን ወደ 4.6 ወረደች። እንግሊዝም ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ ወደ 850 ሚሊዮን።

ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ እኔን የሚያበሽቀኝ ሰበቡ ነው። ለጋሾቹ «በሽታዎቹ ቀንሰዋል፤ አሁን አገሮቹ ራሳቸውን ይቻሉ» ይሉናል።

ቀንሰዋል? በምን ቀነሱ? ትንኟ ደክሟት ነው? አጎበር ስለተሰቀለ፣ ቤት ስለተረጨ፣ መድኃኒት ስለደረሰ እኮ ነው!

ስሪላንካን እንይ። ያኔ ሲሎን ትባል ነበር። በ1963 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 17 ሰው ብቻ ነው። አሥራ ሰባት! ወባ ያለቀላት መሰለ። ርጭቱ ቆመ፤ ክትትሉም ላላ። ከዚያስ? በ1968 እና 1969 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ። ወደ ርጭቱ ሲመለሱ ደግሞ የሚረጩት ፀረ ትንኝ ኬሚካል ዲዲቲ እንደ ድሮው አልሠራም፤ ትንኟ ተላምዳዋለች። አገሪቱ ከወባ ነፃ መሆኗ የተመሰከረላት በ2016 ነው። ከእነዚያ 17 ሰዎች 53 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ የሚመስለው ካለ ኒውዮርክን ይጠይቅ። የቲቢ መቆጣጠሪያ በጀቷን ቆረጠች። በ1992 ወደ 3,800 ታማሚ መዘገበች፤ መድኃኒት የተላመደው ቲቢ ሳይቀር ተሰራጨ። ወረርሽኙ ያስወጣው ወጪ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው ይባላል። የቆጠቡት ስንት ነበር?

እርግጥ የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 በመቶ ለጤና እንመድባለን ብለው፣ አብዛኞቹ አላደረጉትም። ያሳፍራል። ታዲያ መሪው ቃሉን ስላጠፈ መድኃኒቱ የሚቋረጠው በታማሚው ላይ ነው? ራስን መቻል ጡት እንደማስጣል ቀስ እየተባለ የሚሆን ነገር ነው። አሜሪካ በጃንዋሪ 2025 ዕርዳታዋን ድንገት ስታቆም ያየነው ግን ያዘሉትን ልጅ ከጀርባ መጣል ነው።

ጊዜውስ ቢሆን! ሌናካፓቪር የተባለው፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ እየተወጋ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ለመከላከያነት የተፈቀደው በዚሁ በ2025 ነው። ርካሹ ምርት ከ2027 ጀምሮ ለአንድ ሰው በዓመት 40 ዶላር ገደማ እንደሚሸጥ ተነግሯል። ልክ ይህ ሲመጣ ነው እንግዲህ «ቀንሷል» ተብሎ የተቀነሰው።