እርማት፦ የፕሮፖዛል ጸሐፊ ክፍያ በመቶኛ አይታሰብም

ወንድሜ፣ «ለአየር ንብረት ድርጅቶች ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሰው ከተገኘው እርዳታ 10 በመቶ ይወስዳል፤ ካልተገኘ ምንም አይከፈለውም» ብለህ ለደብረ ብርሃን ልጆች የሰጠኸው ምክር ስህተት ነው። ብዙ ሰው ስለሚያምነው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አሜሪካ ያሉት የገንዘብ አሰባሳቢ ባለሙያዎች ማኅበርና የግራንት (የእርዳታ ገንዘብ) ባለሙያዎች ማኅበር ሁለቱም በሥነ ምግባር ደንባቸው በመቶኛ መከፈልን ይከለክላሉ። ምክንያቱ በጀቱን ስትገልጠው ይታይሃል። መንዝ ውስጥ ለሚቋቋም ችግኝ ጣቢያ የተጠየቀ ብር ለዘር፣ ለችግኝ ፕላስቲክ፣ ለጣቢያው ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለትራንስፖርት ተብሎ በመስመር በመስመር ተመድቧል። ከዚያ ላይ ለጸሐፊ ቆርሶ መስጠት ለጋሹ ያላጸደቀው ወጪ ነው፤ ኦዲተር ሲመጣ ድርጅቱ ብሩን መልስ ሊባል ይችላል። አብዛኞቹ ለጋሾችም ውል ከመፈረሙ በፊት ለተሠራ ሥራ አይከፍሉም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ልጆቹ ናቸው። ጥሩ ፕሮፖዛልም ይወድቃል፤ ለጋሹ የዓመቱን ትኩረት ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የገብስ ገበሬዎችን ሲያነጋግር፣ በጀት ሲያስተካክል የከረመ ልጅ ለምን ባዶ እጁን ይቀራል?

ክፍያው በቀን ወይም በአንድ ፕሮፖዛል ተቆርጦ፣ ከድርጅቱ ከራሱ ገንዘብ ይከፈላል። እኔ ግማሹን በቅድሚያ፣ ቀሪውን ሰነዱን ሳስረክብ ነው የምቀበለው።