ስኒዬን የዘረጋሁ ቀን

የጅማ የኮድ ልጆች፣ ዛሬ ከእናንተ ጋር ጉዳይ አለኝ። ከራሴም ጋር።

ነገሩ የጀመረው በ2015 ጳጉሜን 6 ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። የጅማው መርካቶ በዶሮና በቅቤ ገበያተኛ መላወሻ የለውም። ለሱቆች የሠራነው የሽያጭ ሲስተም ግን ከጠዋት ጀምሮ ደረሰኝ አልቆርጥም አለ። "የተሳሳተ ቀን" ይላል። ለካ ኮዱን የጻፈው ልጅ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጓት ኖሯል። (ሐበሻ ሆኖ ጳጉሜን 6ን የሚረሳ! እሱ ራሱን የቻለ ተግሳጽ ይወጣዋል።) ወንዶቹ ለበዓል ተበታትነናል። ስልክ ያነሳችው አንዲቷ ሴት ባልደረባችን ብቻ ናት። ፈረንጅ አራዳ ያለችው ጠባብ ቢሯችን ገብታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ብቻዋን ስትፈልግ ዋለች። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። መስመሩ አጭር ነው፤ መከራው የት እንደሚገባ ማግኘቱ ነው። እግረ መንገዷንም ሌላ ሁለት ባግ (የኮድ ስህተት) አጸዳች።

መስከረም ላይ ገንዘብ ሊሰጡን ያሰቡ እንግዶች መጡ። ቡና ይፈላ ተባለ። ማን ያፍላ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁላችንም ዞር ብለን እሷን አየናት። እሷ ረከቦቱ ጋ ተቀመጠች፣ አንዱ ጓደኛችን ፕሮጀክተሩ ጋ ቆመ። "የቀኑን ችግር ፈታነው" አለ። ፈታነው!

አንድ እንግዳ "ከአራት ዓመት በኋላስ?" ሲል ጠየቀ።

"ያኔ አፕዴት እናደርገዋለን" አለ ልጁ።

እሷ ጀበናውን እንደያዘች "አያስፈልግም፤ ራሱ ያሰላዋል" አለች።

ልጁ ፈገግ ብሎ "አንቺ ብቻ አቦሉን እንዳታቀጥኚው" አላት። ቤቱ በሙሉ አውካካ።

እኔም ሳቅሁ። ስቄ ሳበቃ ስኒዬን ዘረጋሁላት። ሞልታ ቀዳችልኝ። ቀና ብላ አላየችኝም።

"ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለውን ተረት የድሮ ሰው ኋላ ቀርነት ነው እያልን ስንስቅበት ኖረናል። ምኑ ነው የድሮ? ላፕቶፕ ላይ ጭነነው የለ እንዴ! በ1946 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኤኒያክ የተባለውን ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ለምርቃቱ እራት አልተጠሩም። የእኛዋስ ተጠርታለች፤ ልትቀዳ።

ያን ቀን ማታ ጊትን፣ የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበውን ፕሮግራም፣ ከፈትኩ። እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው በስም ያሳያል። ስሟ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ቁጭ ብሏል። አየሁትና ዘጋሁት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ስለዚህ ከቀለደው ልጅ እኔ እብሳለሁ፤ እሱ አፉ አመለጠው፣ እኔ ግን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ኅዳር ላይ ለቀቀች። "ሌላ ሥራ አገኘሁ" አለች። ለምን ያላት አልነበረም።

እናንተ ወንድሞቼ፣ እስኪ በሚቀጥለው ጀበናውን አንዳችሁ ያዙት። ልጅቷ የሠራችውን ራሷ ቆማ ታስረዳ። ጥሩ ኮድ ስታመጣም "ማን ረዳሽ?" አትበሏት። ይሄን ለማለት ሁለት ዓመት ከቆየ ሰው ምክር መስማት እንደሚያስጠላ አውቃለሁ።

ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ነው። መርካቶ ይጨናነቃል፣ ደረሰኙ ይቆረጣል፣ ስልክም አይጮህም። ምናልባት አንዱ ለምን እንዳልተበላሸ ገርሞት ኮዱን ይከፍት ይሆናል።